በጠራራ ፀሐይ የትኛው የሌዘር ርቀት መለኪያ ይሻላል? ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ባለካሜራ ወይስ ኢንፍራሬድ

ሳጥኑ ላይ «60 ሜትር» ተብሎ የተጻፈበት የሌዘር ርቀት መለኪያ ቤት ውስጥ 60 ሜትሩን ይለካል። ያው መሣሪያ እኩለ ቀን ላይ ደጅ ሲወጣ ግን 20 ሜትር ሳይሞላ ስህተት ማሳየት ይጀምራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፣ ወይ «100 ሜትር» የሚለውን ይገዛል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ነገሩን አይፈቱትም። ፀሐይ የሌዘር መለኪያን የምታውከው በሦስት መንገድ ነው፦ ነጥቡን ከዐይን ትሰውራለች፣ ሴንሰሩን በብርሃን ታጥለቀልቃለች፣ መሣሪያውን ታግላለች። ገበያ ላይ ያሉት አማራጮች ደግሞ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያቃልሉት። አረንጓዴ ሌዘር የገዛ ሰው ነጥቡ በደንብ እየታየው ያው የስህተት ቁጥር ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ከዋጋና ከሞዴል በፊት የሚለየው፣ ያስቸገረዎት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

ፀሐይ ምኑን ነው የምትነካው?

ከዐይን እንጀምር። ለግንባታና ለቤት ሥራ የሚሸጡት መለኪያዎች አብዛኞቹ የሞገድ ርዝመቱ (የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው ልክ) 635 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ሌዘር ይጠቀማሉ፤ ክላስ 2 በተባለው የሌዘር ደኅንነት ደረጃ ውስጥ ስለሆኑም ኃይላቸው ከ1 ሚሊዋት አይበልጥም። ቢሮ ውስጥ ያለው ብርሃን ከ300 እስከ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሲሆን፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ያረፈችበት ግድግዳ ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። የሰው ዐይን በቀን ብርሃን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው፤ 635 ላይ ሲደርስ ትብነቱ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ቀዩ ነጥብ ፀሐይ በመታው ግድግዳ ላይ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይጠፋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ነጥቡ ለእርስዎ ጠፋ ማለት ለመሣሪያው ጠፋ ማለት አይደለም። ዐይን ነጥቡን ካጣው በኋላም ሴንሰሩ ገና ብዙ ሜትር ሊለካ ይችላል፤ ያኔ የጎደለው ማነጣጠሪያ ብቻ ነው።

ሴንሰሩ ጋ ያለው ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ ምርጫውን የሚወስነውም በአብዛኛው እሱ ነው። የመሣሪያው ተቀባይ ሌንስ ከግድግዳው የሚመለሰውን ሌዘር ሲሰበስብ፣ ከዚያው ቦታ የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃንም አብሮ ይሰበስባል። ሴንሰሩ ፊት ያለው ፊልተር የሌዘሩን ቀለም ብቻ ለማሳለፍ የተሠራ ነው። ፀሐይ ግን ያን ቀለምም ይዛለች። ፊልተሩን እጅግ ማጥበብም አይቻልም፤ ሌዘሩን የሚያመነጨው ዳዮድ የሞገድ ርዝመት ከሙቀት ጋር ይንሸራተታል። ለምሳሌ በኢንፍራሬድ መለኪያዎች ውስጥ ያለው 905 ናኖ ሜትር ዳዮድ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.3 ናኖ ሜትር ያህል ስለሚንሸራተት የ40 ዲግሪ ልዩነት 12 ናኖ ሜትር ይሆናል፤ ፊልተሩ ከዚያ ከጠበበ መሣሪያው ማለዳ ወይም ቀትር ላይ የራሱን ሌዘር ይዘጋበታል።

ቋሚ የሆነውን የፀሐይ ብርሃን መሣሪያው ቀንሶ ሊጥለው ይችላል። የማይቀነሰው መዋዠቁ ነው። የብርሃን ቅንጣቶች የሚደርሱት እኩል ተራርቀው ሳይሆን በዘፈቀደ ነው፤ ይህ መዋዠቅ ከብርሃኑ መጠን ስኩዌር ሩት ጋር ያድጋል። የአካባቢው ብርሃን 100 እጥፍ ሲጨምር ረብሻው 10 እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ከግድግዳ የሚመለሰው ሌዘር ደግሞ ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ይደክማል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚመለሰው ሩብ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ግን ቢርቁም አይቀንስም፤ ሌንሱ በራቀ ቁጥር ሰፋ ያለ የግድግዳ ክፍል ስለሚያይ ይካካሳል። ሁለቱን ስናጣምር 10 እጥፍ ረብሻ የሚለካውን ርቀት በ3.2 ያካፍለዋል። 60 ሜትሩ 19 ሜትር የሚሆነው እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ገደቡን የሚያበጀው የመሣሪያው የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ጉዳቱ ከዚህ ያንሳል፤ ሴንሰሩ በፀሐይ ሞልቶ ከቆመ ደግሞ ይብሳል።

ከዚህ ስሌት ሌላም ነገር ይከተላል። በፀሐይ ውስጥ ርቀቱን በእጥፍ ለመጨመር ሌዘሩ 4 እጥፍ መጠንከር አለበት፤ ክላስ 2 ግን ሁሉንም አምራች 1 ሚሊዋት ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ «ጠንካራ ሌዘር» የሚል ማስታወቂያ ብዙም አያሳምን፤ በመሣሪያዎች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሌንሱ ስፋት፣ የፊልተሩ ጥበት፣ የሴንሰሩ ጥራትና ሲግናሉን ለመሰብሰብ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ሙቀቱ ብዙ አያከራክርም። ብዙዎቹ መለኪያዎች ከ-10 እስከ +50 ዲግሪ፣ ርካሾቹ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ የተመረቱ ናቸው። ጥቁር አካል ያለው መሣሪያ ፀሐይ የበላው ሶሌታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሲቀመጥ አየሩ 30 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ 50ን ያልፋል። ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሌዘሩ ይደክማል፣ በመጨረሻም መሣሪያው ራሱን ይዘጋል። መፍትሔው ጥላ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ሌንሱ ውስጥ እርጥበት እንዲቋጥር ስለሚያደርግ ክፉኛ ይጎዳዋል።

የእርስዎ ችግር የትኛው ነው?

አጭሩ መንገድ የስህተት ቁጥሩን ማንበብ ነው። በላይካ ዲስቶ መለኪያዎች 252 መሣሪያው ከመጠን በላይ ሞቋል፣ 255 የተመለሰው ሲግናል ደክሟል፣ 256 ሲግናሉ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ 257 የአካባቢ ብርሃን በዝቷል ማለት ነው። ለ257 የመሣሪያው መመሪያ የሚሰጠው መፍትሔ ኢላማውን ማጥላት ነው፤ መሣሪያውን አይልም። ሌሎች አምራቾች ቁጥሮቹን ይለዋውጣሉ እንጂ ዓይነቶቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በመመሪያው መጨረሻ ላይ ይገኛል።

ቁጥር የማያሳይ መሣሪያ ከሆነ በካርቶን ይለያል። ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ከ15 ሜትር ይለኩ። እምቢ ካለ፣ ሌላ ሰው በሰፊ ካርቶን ነጥቡ ባለበት አካባቢ ቢያንስ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥላ ይጣል። አሁን ከለካ ችግሩ የሴንሰሩ ነው። ፀሐይ ላይም ይለካል፣ ግን የት እንደለካ አይታወቅም ከሆነ ችግሩ የዐይን ነው። በጥላም እምቢ ካለና አካሉ እጅ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ ሙቀት ነው።

ምንም ሳይገዙ በፊት፦ ጥላና የኢላማ ሰሌዳ

ይህ አማራጭ በንጽጽር ሠንጠረዦች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ለሴንሰሩ ችግር ግን ከአብዛኞቹ ውድ መሣሪያዎች የበለጠ ይጠቅማል። ሰማይ ክፍት ሆኖ ፀሐይ በቀጥታ ያላረፈበት ጥላ ከ10,000 እስከ 20,000 ሉክስ ገደማ ነው። ኢላማውን ከ100,000 ወደዚህ ማውረድ ከላይ ባለው ስሌት ርቀቱን ከ1.5 እስከ 1.8 እጥፍ ያሳድጋል። 19 ሜትር ላይ የቆመው መሣሪያ ወደ 30 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው፤ ወጪው አንድ ካርቶን ነው።

የግድግዳው ቀለምስ? ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከ80 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ ጥቁር አስፋልት ወይም ጎማ 10 በመቶም ላይሞላ ይችላል። ነገር ግን ነጩ ፀሐዩንም አብሮ ይመልሳል። ፀሐይ ላይ ያለ ኢላማ 4 እጥፍ ነጭ ሲሆን ሲግናሉ 4 እጥፍ፣ ረብሻው 2 እጥፍ ያድጋል፤ ትርፉ 2 እጥፍ፣ በርቀት ሲታሰብ ደግሞ 1.4 እጥፍ ብቻ ነው። ነጭ ሰሌዳ ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው ጥላ ውስጥ ሲቆም ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ለማግኘት የሚበጀው የኢላማ ሳጥን ነው። አፉ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ይወስዱና የውስጡን ጀርባ በማያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት ይሸፍናሉ፤ ጎኖቹን ጥቁር ያደርጋሉ። የሳጥኑ ጀርባ የሚለካው ነጥብ ላይ እንዲያርፍ አድርገው አፉን ወደ መሣሪያው ያዞራሉ። የጀርባው ውፍረት ንባቡን ያሳጥረዋል፤ 4 ሚሊ ሜትር ካርቶን ከሆነ 4 ሚሊ ሜትር ይጨምራሉ። ስህተት የሚመጣው ጨረሩ የሳጥኑን ጠርዝ ሲነካ ነው፤ ያኔ ንባቡ በድንገት በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል። እንዲህ ያለ ዝላይ ካዩ ቁጥሩን ጥለው እንደገና ያነጣጥሩ።

ለረጅም ርቀት የሚሸጡት የኢላማ ሰሌዳዎች አንድ ገጻቸው ነጭ ወይም ግራጫ፣ ሌላው ብርሃንን ወደመጣበት የሚመልስ ሽፋን ያለው ነው። ይህ ሽፋን በፀሐይ ውስጥ ልዩ ጥቅም አለው። ሌዘሩን ወደ ሌዘሩ ሲመልስ ፀሐዩን ወደ ፀሐይ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ዘንድ የሚደርሰው ሌዘር ሲጨምር ፀሐዩ ያን ያህል አይጨምርም። ልዩነቱ የሚጠፋው ፀሐይ ዝቅ ብላ ከለኪው ጀርባ በኩል ስትመጣ ነው። በቅርብ ርቀት ደግሞ ይኸው ሽፋን ሲግናሉን ከመጠን በላይ ያጠነክረዋል፤ 256 ወይም የሚዋዥቅ ንባብ ሲመጣ ሰሌዳውን ወደ ነጩ ገጽ ይገልብጡ። አንጸባራቂ ሴራሚክ፣ መስታወትና የተወለወለ ብረት ለኢላማነት አይሆኑም፤ ጨረሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወርውረው የሌላ ነገር ርቀት ያመጣሉ።

ሌላው ነጻ መፍትሔ ጫፎቹን መለዋወጥ ነው። ከሀ ወደ ለ ሲለካ ኢላማው ፀሐይ ላይ ከሆነ፣ ከለ ወደ ሀ ሲለካ ብዙ ጊዜ ጥላው ገጽ ይገኛል። ፀሐይ ከኢላማው ጀርባ ዝቅ ብላ ሌንሱን በቀጥታ በምታይበት አቅጣጫ ግን ጨርሶ አይለኩ።

አረንጓዴ ሌዘር

አረንጓዴዎቹ 520 ናኖ ሜትር አካባቢ ይሠራሉ። የዐይን ትብነት እዚያ 71 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በእኩል ኃይል አረንጓዴው ከ635 ቀይ 3 እጥፍ ያህል ደምቆ ይታያል። በበረንዳ፣ በትልቅ መስኮት አጠገብ፣ በደመና ቀንና ጥላ ባለበት ግቢ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ግን 3 እጥፍ ድምቀት ጥቂት ሜትሮች ይጨምራል እንጂ ነጥቡን 40 ሜትር ላይ አያሳይዎትም።

ለሴንሰሩስ? ምንም አያሻሽልም፤ እንዲያውም ትንሽ ይብስበታል። የፀሐይ ብርሃን አረንጓዴው ላይም ብርቱ ነው። የሲሊከን ሴንሰር ከአረንጓዴ ይልቅ ለቀይ የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። አረንጓዴ ዳዮድ ባትሪ አብዝቶ ይበላል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ስለዚህ አረንጓዴ የሚገዛው ሥራው በደማቅ ብርሃን ግን ከ15 ሜትር በታች ከሆነ ነው። ችግሩ 257 ለሆነበት ሰው አረንጓዴ መሸጥ ልክ አይደለም።

ቀይ መነጽሮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ከቀይ በቀር ያለውን ብርሃን በመቀነስ ነጥቡን ትንሽ ያወጡታል፤ በጥላ ይረዳሉ፣ በቀጥታ ፀሐይ ጥቅማቸው ትንሽ ነው። ዐይንን ከሌዘር የሚከላከሉ አይደሉም፤ አድርገዋቸውም ቢሆን ጨረሩን በቀጥታ ማየት አይገባም።

ባለካሜራ

የዐይንን ችግር ከሥሩ የሚፈታው ይህ ነው። ነጥቡን መፈለግ ይቀርና በስክሪኑ ላይ ያለውን መስቀል ኢላማው ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃል። እንደ ዲስቶ ኤክስ4 ያሉት 4 እጥፍ የሚያቀርብ ካሜራ አላቸው፤ የቦሽ ጂኤልኤም 120 ሲም ባለካሜራ ነው። ከ20 እስከ 80 ሜትር የሕንፃ ውጫዊ ገጽታ፣ የአጥር መስመር ወይም ቦታ የሚለካ ሰው መጀመሪያ ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው።

ካሜራ ሲታሰብ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ሴንሰሩ ያው ነው፤ ካሜራው ነጥቡን ቢያገኝልዎትም 257 ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሰሌዳው አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የካሜራው ሌንስና ሌዘሩ ጎን ለጎን እንጂ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ በቅርብ ርቀት መስቀሉና ነጥቡ ሊለያዩ ይችላሉ፤ በቅርብ ነጥቡን በዐይን ይመኑ፣ በሩቅ መስቀሉን። ሦስተኛ፣ ስክሪኑ ራሱ በፀሐይ መነበብ አለበት። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው ስክሪኑን በአንዳንድ አቅጣጫ ሲያየው ጥቁር ሊሆንበት ይችላል፤ መሣሪያው የጠፋ ይመስላል፣ መነጽሩን ሲያወልቁ ግን ይመለሳል።

ካሜራ ያለ ትራይፖድ ግማሽ ዋጋው ይባክናል። 50 ሜትር ላይ የ0.1 ዲግሪ መንቀጥቀጥ ነጥቡን 8.7 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። በፀሐይ ደግሞ መሣሪያው ሲግናል ለመሰብሰብ ከግማሽ ሰከንድ ይልቅ ብዙ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፤ ያን ሁሉ ጊዜ በእጅ ይዞ አለመንቀሳቀስ አይቻልም። መደበኛ የካሜራ ትራይፖድ፣ 1/4 ኢንች ብሎን ያለው፣ ይበቃል። የማዘግያ ቆጣሪውን ይጠቀሙ፤ ቁልፉን ሲጫኑ የሚመጣውን ንቅናቄ ያስቀረዋል። ርቀቱ ከትራይፖዱ ብሎን ጀምሮ እንዲቆጠር መሣሪያውን ማስተካከልም አይረሳ፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ንባብ በጥቂት ሴንቲ ሜትር እኩል ይሳሳታል።

የዘንበል ሴንሰር ያለው ሞዴል ከተገኘ ይጨመርበት። ደጅ ያለ መሬት ሜዳ አይሆንም፤ በ5 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 50 ሜትር የተለካ ርቀት አግድሙ 49.81 ሜትር ነው። 19 ሴንቲ ሜትር ስህተት ከማንኛውም የፀሐይ ረብሻ ይበልጣል።

905 ናኖ ሜትር፦ ባለ አንድ ዐይን መነጽር ዓይነቶቹ

ለጎልፍና ለአደን የሚሸጡት መለኪያዎች የሚሠሩበት ዘዴ ሌላ ነው። የማይታይ የኢንፍራሬድ ፍንጣቂ ለናኖ ሰከንዶች ብቻ ያበራሉ፤ በዚያ ቅጽበት ኃይሉ አሥር ዋቶች ሊደርስ ይችላል፣ አማካዩ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙዎቹ ክላስ 1 ናቸው። ብርሃን 1 ሜትር ሄዶ ለመመለስ 6.7 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ መሣሪያው የሚቆጥረው ይህን ጊዜ ነው። ፍንጣቂው ከፀሐዩ በላይ ነጥሮ ስለሚወጣ በጠራራ ቀን እንኳ መቶዎች ሜትር ይለካል። ማነጣጠሪያውም 6 እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ስለሆነ ነጥብ መፈለግ የለም።

ዋጋው የሚከፈለው በትክክለኛነት ነው። ስህተታቸው ከ0.5 እስከ 1 ሜትር ነው። የእርሻ ማሳ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ ግምት፣ የዛፍ ርቀት ለመለካት ይሆናሉ፤ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለልስን ሥራ አይሆኑም። ሳጥኑ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር የሚገኘው አንጸባራቂ ኢላማ ላይ ነው፤ ለዛፍ፣ ለአፈርና ለእንስሳ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ መመሪያው ውስጥ ለብቻው ተጽፎ ካልተገኘ ያን ሞዴል ይለፉት። ጨረሩም ይሰፋል፦ 2 ሚሊራዲያን የሚሰፋ ጨረር 300 ሜትር ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከኢላማው ፊት ያለ ቅጠል ቀድሞ ሊመልሰው ይችላል። «የመጀመሪያ ኢላማ» እና «የመጨረሻ ኢላማ» የሚሉት ምርጫዎች ለዚህ ናቸው፤ ከቅጠል ጀርባ ያለውን ግንብ ለመለካት የመጨረሻውን ይምረጡ።

በዚህ ክፍል ውስጥ ለፀሐይ የሚመርጥ ሰው የማሳያውን ዓይነት ይይ። ጥቁር ፊደል የሚያሳየው ኤልሲዲ በጠራራ ብርሃን ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ሲመሽ ይጠፋል። ቀይ የሚያበራው ተቃራኒው ነው፤ ደማቅ ሰማይ ላይ ሲነጣጠር ቁጥሩ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ የብርሃን መጠኑን የሚያስተካክል ቁልፍ ከሌለው ለቀትር ሥራ አይምረጡት። በእነዚህ መሣሪያዎች ፀሐይን ማየት ዐይን ያጠፋል፤ አጉልቶ የሚያሳይ ሌንስ ስለሆነ ለአፍታም አይሞከርም።

1550 ናኖ ሜትር የሚጠቀሙ ውድ መሣሪያዎችም አሉ። እዚያ የፀሐይ ብርሃን ከ905 ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ነው፤ የዐይን ደኅንነት ገደቡም ብዙ ተጨማሪ ኃይል ይፈቅዳል። በፀሐይ ሩቅ ለመለካት ከሁሉ ይበልጣሉ። ነገር ግን ውኃ ይህን ሞገድ አጥብቆ ይውጠዋል፤ እርጥብ ገጽና በረዶ ላይ ከ905 ሊያንሱ ይችላሉ። ሲሊከንም ይህን ሞገድ ስለማያይ ሴንሰራቸው ከኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ ይሠራል፤ ዋጋቸው የሚሰቀለው ከዚህ ነው።

ሌዘሩን የሚተኩ አማራጮች

እስከ 30 ሜትር ድረስ የብረት ቴፕ አሁንም ብርቱ ተፎካካሪ ነው። እሱንም ግን ፀሐይ ትነካዋለች፦ በ20 ዲግሪ ልክ የሆነ የ30 ሜትር ቴፕ ራሱ 40 ዲግሪ ሲሞቅ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚያነቡት ቁጥር ያንሳል። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሲረግብ ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል።

በድምፅ የሚለኩት መሣሪያዎች ብርሃን አይነካቸውም። የሙቀት ለውጥ ግን ይነካቸዋል፦ 10 ዲግሪ ልዩነት የድምፅን ፍጥነት 1.7 በመቶ ያህል ስለሚቀይር፣ ሙቀቱን ራሱ የማያርም መሣሪያ በ10 ሜትር ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ድምፁም እየሰፋ ስለሚሄድ ማዕዘንና ምሰሶ ያሳስቱታል። ለደጅ ሥራ አይመከሩም።

ቶታል ስቴሽን (ቀያሾች ርቀትና ማዕዘን የሚለኩበት መሣሪያ) በፕሪዝም ሲለካ ፀሐይ እምብዛም አታስቸግረውም፤ ፕሪዝሙ ጨረሩን ወደመጣበት ይመልሳል፣ ተቀባዩም የሚያየው በጣም ጠባብ ቦታ ነው። ያለ ፕሪዝም በሚለካበት ጊዜ ግን ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለስበታል። ቀያሾች መሣሪያው ላይ ጃንጥላ የሚዘረጉት ለሙቀቱ ነው፤ አንድ ጎኑ ሲግል መሣሪያው ከልኩ ይንሸራተታል። ከጋለ መሬት ላይ የሚነሳው የአየር ውልብታም ቀትር ላይ ኢላማውን ያስዘልለዋል፤ ለዚህ ያለው መድኃኒት መስመሩን ከመሬት ከፍ ማድረግ ወይም ማለዳ መሥራት ነው።

ለድሮንና ለሮቦት ትንንሽ ሴንሰር የሚመርጡ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ለምሳሌ ቪኤል53ኤል1ኤክስ የተባለው 940 ናኖ ሜትር ሴንሰር በረጅም ርቀት አሠራሩ ጨለማ ውስጥ ነጭ ኢላማን እስከ 360 ሴንቲ ሜትር ሲለካ፣ በብርቱ የአካባቢ ብርሃን 73 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። በአጭር ርቀት አሠራሩ ግን በሁለቱም 135 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ለደጅ ሥራ «አጭር» የተባለው አሠራር ሩቅ ያያል።

የዝርዝር ወረቀቱን ማንበብ

በእጅ የሚያዙ የሌዘር መለኪያዎች የሚፈተኑበት አይኤስኦ 16331-1 የተባለ ደረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2017 ተሻሽሏል። በዚህ ደረጃ የሚፈትን አምራች ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ በምቹ ሁኔታና በማይመች ሁኔታ። ምቹ ማለት ነጭ ግድግዳ፣ ደካማ ብርሃን፣ መካከለኛ ሙቀት ነው። ለደጅ ሥራ የሚነበበው ሁለተኛው ቁጥር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ካለ፣ እሱ የምቹው ነው ብለው ይያዙና ለ3 ወይም ለ4 ያካፍሉት። ከቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ካለ ግርጌውን ያንብቡ፤ «በኢላማ ሰሌዳ» የሚል ብዙ ጊዜ እዚያ ተሸሽጎ ይገኛል። ትክክለኛነቱም እንዲሁ ነው፦ ±1.5 ሚሊ ሜትር የሚለው ብዙ ጊዜ እስከ 10 ሜትር የሚያገለግል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሜትር ተጨማሪ ይመጣል፤ በማይመች ሁኔታ ተጨማሪው ከፍ ይላል።

የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ የሚደረግ ፈተና

1. ደመና በሌለበት እኩለ ቀን፣ በቴፕ 10፣ 20 እና 40 ሜትር ምልክት ያድርጉ። መሣሪያውን በትራይፖድ ያቁሙ።

2. በእያንዳንዱ ርቀት ፀሐይ በቀጥታ ባረፈበት ነጭ ሰሌዳ ላይ 10 ጊዜ ይለኩ፤ ትልቁንና ትንሹን ንባብ ይጻፉ። 10 ሜትር ላይ ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መሣሪያው ለደጅ አይሆንም።

3. ለእያንዳንዱ ንባብ የፈጀውን ጊዜ ልብ ይበሉ። ጊዜው ከርቀቱ ጋር በፍጥነት ከረዘመ ሲግናሉ ጫፍ ላይ ነው፤ 20 ሜትር ላይ 4 ሰከንድ የሚፈጅ መሣሪያ 25 ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

4. ነጩን ሰሌዳ በግራጫ ኮንክሪት፣ ቀጥሎም በጥቁር ገጽ ይተኩ። የሚለካው ነገር ሰሌዳ የማይቆምበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከፍ ያለ የጣሪያ ጠርዝ፣ ዋናው ውጤት ይህ ነው።

5. ሁሉንም በጥላ ይድገሙ። በጥላ 40 ሜትር የሚደርስና በፀሐይ 15 ላይ የሚቆም መሣሪያ ካርቶን ይዞ ለሚሄድ ሰው ይበቃዋል፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም።

6. በመጨረሻ መሣሪያውን አጥፍተው 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ይተዉት፤ ከዚያ 10 ሜትሩን እንደገና ይለኩ። ንባቡ ከቀድሞው በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ ይያዙት። የሙቀት ስህተት ካሳየና ጥላ ውስጥ 10 ደቂቃ ቆይቶ ካልተመለሰ፣ ወይም ተመልሶ የተለየ ቁጥር ከሰጠ፣ ደረሰኙን ይዘው ወደ ሻጩ ይውሰዱት።